የአስታማሚ ቁስል ለምን ይዘገያል? ጭንቀት፣ በሽታ የመከላከል አቅምና የአንጎል ጤና

«በሐሳብ አለቀች»፣ «ብስጭት ጣለው»፣ «የልጇ ነገር በላት» እያልን ኖረናል። ይህን የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ የሟች ሕመም ስም ሳይገኝለት ሲቀር ነው። ሐኪሞች አነጋገሩን ሰምተው ከማለፍ በቀር ለረጅም ዘመን ብዙም አልተጠቀሙበትም፤ ሐሳብ በሚዛን አይመዘንም፣ ደም ተቀድቶም ሐሳብ የሚባል ነገር አይገኝበትም። ካለፉት 40 ዓመታት ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ከለወጡት መካከል በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አብረው የሠሩ ባልና ሚስት ይገኛሉ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና የቫይረስና የመከላከያ ሥርዓት ተመራማሪው ሮናልድ ግሌዘር። ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ነው፦ ጭንቀትን በቀናትና በሚሊ ሜትር ለኩት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጭንቀት» ስል ሐኪም የሚያክመውን የጭንቀት ሕመም ማለቴ አይደለም። አንዳንዶች «ውጥረት» የሚሉትን፣ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና ሰው ላይ ሲከርም ሰውነት የሚሰጠውን ምላሽ ማለቴ ነው።

በ1995 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናታቸው የዚህ ሁሉ ማሳያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ በመርሳት በሽታ የተያዘ የቤተሰብ አባል የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን መረጡ፤ በዕድሜና በገቢ የሚመጣጠኗቸው፣ የሚያስታምሙት ሰው ግን የሌላቸው ሌሎች 13 ሴቶችንም ለማነጻጸሪያ አቀረቡ። ሁሉም በአማካይ የ60 ዓመትን ዕድሜ ጥቂት ያለፉ ነበሩ። ከዚያም በእያንዳንዷ ሴት ክንድ ላይ፣ ከክርን ዝቅ ብሎ፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ክብ ቁስል በሕክምና መሣሪያ አበጁ። ቁስሏ በየጊዜው ፎቶግራፍ ትነሣለች፤ ለቁስል ማጠቢያ የሚያገለግለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ጠብ ይደረግባታል። ክፍት ቁስል ፐርኦክሳይድ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ አረፋው የጠፋ ዕለት ቁስሉ ጠገገ ተብሎ ይመዘገባል። የማያስታምሙት ሴቶች ቁስል በአማካይ በ39.3 ቀናት ሲድን፣ የአስታማሚዎቹ 48.7 ቀናት ፈጀ። በአንዲት የምስር ፍሬ ቁስል ላይ ከ9 ቀን በላይ ልዩነት መጣ ማለት ነው።

26 ሴቶች ጥቂት መሆናቸውን ማንም ያያል፤ አስታማሚዎቹ እንቅልፍ ስለሚያጡ ወይም በወጉ ስለማይበሉ ይሆናል የሚል ጥያቄም ወዲያው ይነሣል። ኪኮልት ግሌዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሦስት ዓመት በኋላ ያሳተሙት ሌላ ሥራ ለዚህ ከፊል መልስ ይሰጣል። በዚህኛው ማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ሰው አላስፈለገም፤ 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ራሳቸው ከራሳቸው ጋር ተነጻጸሩ። አንድ ጊዜ በክረምት ዕረፍት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፈተና ሊጀምር 3 ቀን ሲቀረው፣ በላንቃቸው ላይ ያችው 3.5 ሚሊ ሜትር ቁስል ተበጀች። በፈተናው ሰሞን ቁስሉ ለመዳን በአማካይ 40 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ ከ11ዱ አንድ እንኳ በፈተና ወቅት እንደ ዕረፍቱ ፈጥኖ የዳነ አልነበረም። እነዚህ ወጣትና ጤነኛ፣ ፈተና የለመዱ ልጆች ናቸው። ፈተናው እንደሚያልፍም ያውቃሉ። የመርሳት በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ግን የፈተናው ማብቂያ ቀን አልተነገረውም።

ቁስል ለምን ይዘገያል የሚለውን ለመረዳት ሰውነት በጭንቀት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል። አንጎል አደጋ ሲሰማው በተዋረድ ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ትእዛዙም ከኩላሊት በላይ በተቀመጡት ዕጢዎች ዘንድ ደርሶ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይመነጫል። ኮርቲሶል በራሱ ጠላት አይደለም። ጠዋት እንድንነቃ፣ ስንደነግጥም ስኳር ወደ ደም እንዲለቀቅ ያግዘናል። ሌላው ሥራው ብግነትን፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎች የሚያቀጣጥሉትን መቅላትና ማበጥ፣ ማብረድ ነው። በኮቪድ ዘመን ስሙ የገነነው ዴክሳሜታሶን፣ ለአስም የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎንም የዚሁ ሆርሞን ዘመዶች ናቸው።

ከቁስል የመጀመሪያ የመዳን ደረጃዎች አንዱ ደግሞ ብግነት ነው። የቆሰለው ቦታ የመከላከያ ሴሎችን የሚጠራ ኬሚካል ይረጫል፤ ሴሎቹ መጥተው ቆሻሻውን ያነሣሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ሥጋ የሚያቆጠቁጠው። በጥርስ ሕክምና ተማሪዎቹ ላይ ከእነዚህ ጠሪ ኬሚካሎች አንዱን፣ ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የሚባለውን፣ የመሥራት አቅማቸው በፈተና ሰሞን 68 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ጥሪው ደከመ፤ ጠጋኞቹ ዘግይተው መጡ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀጥተኛ ይመስላል፤ ጭንቀት ኮርቲሶልን ያበዛል፣ ኮርቲሶል መከላከያውን ያደክማል። ብዙዎች የሚጽፉትም፣ «መከላከያን ያጠነክራል» የሚባል ዱቄት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጡትም እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገሩ ግን ቀጥተኛ አይደለም። ለዓመታት የተጨነቁ ሰዎች ደም ሲመረመር በብዛት የሚታየው የብግነት ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። በ2003 የታተመ የእነ ኪኮልት ግሌዘር ጥናት 119 የመርሳት በሽተኛ የትዳር አጋራቸውን የሚያስታምሙ ሰዎችንና 106 ሌሎችን ለ6 ዓመት ተከታትሎ፣ ኢንተርሉኪን ስድስት የተባለው የብግነት ምልክት በአስታማሚዎቹ ደም ውስጥ ወደ 4 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሲጨምር አገኘ። የበለጠ የሚያሳስበው ደግሞ፣ የሚያስታምሙት ሰው ካረፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቢሆን የጭማሪው ፍጥነት አለመርገቡ ነበር።

ታዲያ ብግነትን የሚያበርደው ሆርሞን በበዛበት ሰውነት ብግነት እንዴት ይበዛል? በፒትስበርግ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሼልደን ኮኸን ለዚህ መልስ ፈልገዋል። ኮኸን ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጠብ አድርገው፣ ለይተው አስቀምጠው ማን እንደሚታመም በመቁጠር ይታወቃሉ። በ1991 ባሳተሙት ሥራ፣ 394 ሰዎችን ቫይረስ ካስያዙ በኋላ፣ ጭንቀታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት 27 በመቶ ያህሉ፣ ከፍተኛ ከሆኑት ደግሞ 47 በመቶ ያህሉ ጉንፋን ያዛቸው። በ2012 ባወጡት ሌላ ጥናት 276 ሰዎችን ሲመረምሩ፣ ለረጅም ጊዜ በከባድ ጭንቀት የኖሩት ሰዎች የመከላከያ ሴሎቻቸው የኮርቲሶልን ትእዛዝ መስማት እንዳቆሙ አሳዩ። ነጋ ጠባ የሚቆጣ አባት ከጊዜ በኋላ ልጆቹ እንደማይሰሙት ነው። ሆርሞኑ ይጮኻል፣ ሴሎቹ ግን ብግነታቸውን ይቀጥላሉ። የሁለቱ ግኝቶች ድምር በምድጃና በጭስ ሊመሰል ይችላል፤ እሳቱ ከምድጃው፣ ማለትም ከቁስሉ ላይ፣ በሚፈለግበት ሰዓት አይነድም፤ ቤቱ ግን ቀን ከሌት በጭስ ታፍኗል። ስለዚህ «መከላከያን ማጠንከር» የሚለው አነጋገር ራሱ የተሳሳተ ምስል ይሰጣል። የጎደለው ነገር ጉልበት ሳይሆን ሥርዓት ነው።

ሥርዓት መጓደሉ በክትባትም ታይቷል። በ1996 የታተመ ሥራ 32 አስታማሚዎችንና 32 ሌሎች ሰዎችን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከትቦ፣ ከአስታማሚዎቹ በቂ ምላሽ የሰጡት 38 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ከሌሎቹ 66 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ሮናልድ ግሌዘር ከሙያቸው የተነሣ ይበልጥ የሳባቸው ግን በሰውነት ውስጥ ተኝተው የሚኖሩ ቫይረሶች ጉዳይ ነበር። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከንፈራችን ላይ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ «ምች መታኝ» እንላለን፣ ዳማከሴም ይፈለጋል፤ ያ የከንፈር ሽፍታ ከሄርፐስ ቤተሰብ የሆነ፣ አንዴ ከገባ ከነርቭ ሥር የማይወጣ ቫይረስ ሲነቃ የሚመጣ ነው። ወገብን ወይም ደረትን በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ይዞ የሚያቃጥለው አልማዝ ባለጭራም በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ከተኛበት ሲነሣ ነው። የነቃ መከላከያ እነዚህን ቫይረሶች ባሉበት ያስራቸዋል። ግሌዘር በ1980ዎቹ የሕክምና ተማሪዎችን ደም ከፈተና አንድ ወር ቀደም ብለውና በፈተና ሰሞን እየቀዱ ሲያወዳድሩ፣ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ከእስሩ እየላላ መሆኑን የሚጠቁም የፀረ እንግዳ አካል ጭማሪ በፈተናው ጊዜ አገኙ። በዚያን ጊዜ ይህ ለአንድ ሙያ ሰዎች ብቻ የሚጥም ዝርዝር ይመስል ነበር።

ዛሬ እንደዚያ አይታይም። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ የተጠቀመ ጥናት፣ በኤፕስታይን ባር ቫይረስ መያዝ መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው የአንጎልና የአከርካሪ ነርቭ በሽታ የመያዝን ዕድል 32 እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳየ። በሚያዝያ 2025 ኔቸር ላይ የታተመው ደግሞ ከዌልስ የመጣ ነው። በዌልስ የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በ2013 ሲጀመር፣ መስከረም 2 ቀን 1933 እና ከዚያ በኋላ የተወለዱ ሰዎች እንዲከተቡ ሲፈቀድ፣ በአንድ ሳምንት የቀደሙት እስከ ዕድሜ ልካቸው ተከለከሉ። በአንድ ሳምንት የሚበላለጡ ሰዎች በሌላ ነገር አይለያዩምና፣ አስተዳደራዊው መስመር ሳይታሰብ እንደ ዕጣ አገለገለ። በ7 ዓመት ውስጥ የተከተቡት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ማነጻጸሪያ በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ከእነዚህ ተነሥቶ «ጭንቀት ቫይረስ ይቀሰቅሳል፣ ቫይረሱም አንጎልን ያደክማል» ብሎ መደምደም ያጓጓል። እያንዳንዱ ቀለበት ለብቻው ማስረጃ አለው፤ ሰንሰለቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ሰው አካል ላይ ተከትለው ያሳዩት ነገር አይደለም። ላንሴት ያቋቋመው የባለሙያዎች ጉባኤ በ2024 ሊቀነሱ የሚችሉ 14 ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ ሁኔታዎችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ የሚሆነውን በሽታ ማስቀረት ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ሲገልጽ፣ ጭንቀትን ራሱን በዝርዝሩ አላስገባም። የጭንቀት ጎረቤቶች የሆኑት ድብርት፣ የደም ግፊትና ከሰው መነጠል ግን አሉበት።

አንጎል በጭንቀት መጎዳቱን በተመለከተ የቆየው ማስረጃ የመጣው ከኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2020 መጀመሪያ ያረፉት ብሩስ ማክዩወን በ1968፣ የአይጦች የጭንቀት ሆርሞን ሂፖካምፐስ በተባለው፣ አዲስ ነገር በሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ተለይቶ እንደሚያርፍ አሳዩ። ሆርሞን ሐሳብ በሚኖርበት ሥፍራ መቀበያ አለው ማለት ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ቀጥለውም የተጨነቁ አይጦች በዚያ ክፍል ያሉ የነርቭ ሴሎቻቸው ቅርንጫፎች እንደሚያጥሩ፣ ጭንቀቱ ሲነሣ ግን መልሰው እንደሚያድጉ አረጋገጡ። ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ ስለ ጭንቀት የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ግን የማጠሩን ወሬ ነግረው የማደጉን ይተዉታል።

መከላከያው ከአንጎል ጋር ስለሚገናኝበት መንገድም የመማሪያ መጻሕፍት ታርመዋል። በ2015 ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዮናታን ኪፕኒስና ባልደረቦቻቸው፣ በዚያው ዓመትም የሄልሲንኪ ተመራማሪዎች፣ አንጎልን በሸፈነው ሽፋን ላይ የሊምፍ ቧንቧዎች፣ ማለትም ፈሳሽና የመከላከያ ሴሎች የሚጓዙባቸው ቧንቧዎች፣ እንዳሉ አሳዩ። ከዚያ በፊት አንጎል ከመከላከያው ሥርዓት የተነጠለ አገር ነው ይባል ነበር። አሁን መግቢያና መውጫ እንዳለው፣ በውስጡም ማይክሮግሊያ የሚባሉ የራሱ ዘበኞች እንዳሉት፣ እነዚህም በደም ከሚመጣው የብግነት ወሬ እንደሚደናገጡ ይታወቃል። ጉንፋን ሲይዘን ምግብ የሚያስጠላን፣ ሰው ማየት የማንፈልገው፣ የምናነበው አልገባ የሚለን በዚሁ ወሬ የተነሣ ነው። ይህ ለአንድ ሳምንት ሲሆን ዕረፍት ያስገድዳል። ለዓመታት በዝቅተኛ ድምፅ ሲቀጥል ምን ይሆናል የሚለው ነው የዘርፉ ዋና ጥያቄ።

በዩታ ካሽ ካውንቲ 1,221 ባለትዳር ጥንዶችን የተከታተለ፣ በ2010 የታተመ ጥናት ከፊል ፍንጭ ይሰጣል፦ የትዳር አጋሩ የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው፣ ራሱ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ከአንድ መሶብ በልተው፣ አንድ አየር ተንፍሰው የኖሩ መሆናቸው ከጭንቀቱ ያልተናነሰ ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል ቁጥሩን እንደ ፍርድ አላየውም።

እንዲያውም ስለ አስታማሚዎች ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ የተመራማሪዎቹ አለመስማማት ነው። በ1999 ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ፣ የትዳር አጋራቸውን ሲያስታምሙ ጫና እንደተሰማቸው የተናገሩ አረጋውያን በ4 ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 63 በመቶ እንደሚበልጥ ጻፉ። በ2013 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንሱ ዴቪድ ሮዝና ባልደረቦቻቸው 3,503 አስታማሚዎችን ከእኩዮቻቸው ጋር አስተያይተው፣ አስታማሚዎቹ በ6 ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ18 በመቶ ያነሰ መሆኑን አገኙ። ሮዝ ቆይተውም ቀደም ያሉትን የደም ምርመራ ጥናቶች ደምረው፣ ማስታመም በመከላከያው ላይ ያለው ተጽዕኖ እንደሚወራው ትልቅ አይደለም ሲሉ ሞገቱ።

አንዱን ውሸታም ማድረግ አያስፈልግም። የሮዝ አስታማሚዎች ከሕዝቡ በአጠቃላይ የተመረጡ ናቸው፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት እናቱን የሚያይ፣ እህትና ወንድም የሚያግዙት ሰውም በውስጣቸው አለ። የእነ ኪኮልት ግሌዘር አስታማሚዎች ግን የመርሳት በሽተኛን ቀንም ሌሊትም የያዙ ናቸው። በሹልዝና በቢች ጥናትም ቢሆን የሚያስታምሙ ግን ጫና የማይሰማቸው ሰዎች የሞት ዕድላቸው ከሌላው አልጨመረም ነበር። የእኔ ንባብ እንዲህ ነው፦ ሰውነትን የሚጎዳው ማስታመም አይደለም፤ ተተኪ ሳይኖር ማስታመም ነው።

ይህ ልዩነት በአገራችን ቤት ውስጥ በግልጽ ይታያል። በሆስፒታል ሰው ሲተኛ ዘመድ አዳር ይከፋፈላል፤ አንዱ ምግብ ያመጣል፣ ሌላው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል፣ ጠያቂው አልጋውን ይከባል። ሕመሙ ዓመታት ሲወስድ ግን ጠያቂው ይሳሳና ቤቱ ለአንዲት ሴት ልጅ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ላላገባችው። አንዲት የማውቃት ሴት እናቷን እንዲህ 5 ዓመት አስታመመች። እናትየው በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ማታ ማታ ነጠላቸውን እያጣፉ «ይበቃል፣ መሸ፣ ቤቴ ውሰጂኝ» ይሉ ነበር። ልጅቱ የግቢውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ትተኛለች። ወንድሞቿ ከውጭ ገንዘብ ሳያቋርጡ ይልኩ ነበር፤ እርሷ ግን አንድ ቀን፣ «ብሩስ ይመጣል፣ አንድ ሌሊት የሚያድርልኝ ነው ያጣሁት» አለችኝ።

ውጭ አገር ላሉት ወገኖቻችን ደግሞ ጉዳዩ እጥፍ ነው። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ቀን የሰው አረጋውያንን በክፍያ ይንከባከባሉ፣ ማታ የራሳቸውን ወላጅ ያስታምማሉ። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን በሐምሌ 2024 ጋይድ የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ጀምሯል፤ በፕሮግራሙ ለታቀፈ ሐኪም የተመዘገቡና መስፈርቱን የሚያሟሉ የመርሳት በሽተኞች ቤተሰብ፣ አስታማሚው እንዲያርፍ ለተተኪ የሚከፈል ድጋፍ ያገኛል፤ ፕሮግራሙ ሲጀመር ጣሪያው በዓመት 2,500 ዶላር ነበር። ወላጁን ይዞ የሚኖር ሰው ሐኪሙን ሊጠይቅ ይገባል።

አስታማሚን ማገዝ በሽተኛውንም እንደሚጠቅም አጉልቶ ያሳየው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ሜሪ ሚተልማን የመሩት ጥናት ነው። 406 አስታማሚ የትዳር አጋሮች ተሳትፈውበታል፤ በ2006 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው ምክርና ድጋፍ ያገኙት ሰዎች በሽተኛቸውን ወደ መጦሪያ ሳይሰጡ በቤት ያቆዩት ከሌሎቹ ይልቅ በአማካይ ግምት 557 ቀናት በሚበልጥ ጊዜ ነው። መድኃኒት አልተሰጣቸውም። በመጀመሪያ የተሰጣቸው 6 የምክር ስብሰባዎች ነበሩ፤ በ2ቱ አስታማሚው ብቻውን ከአማካሪው ጋር ተነጋገረ፣ በቀሩት 4 ደግሞ በሽተኛው ሳይኖር ልጆችና ዘመዶች ተጠርተው፣ ማን የትኛውን ሥራ እንደሚያግዝ ተነጋገሩ።